ቀንሶ መለካት ወይስ አብሮ መመዘን?



መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ አምባሰል የወጣ ሰው፣ አምባው ከሩቅ ሲታይ እንዴት ጎልቶ እንደሚቆም ያውቃል። ሆኖም አንድ ቀያሽ «አምባው ከሥሩ ምን ያህል ከፍ ይላል?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ አስቀድሞ «ሥሩ የት ነው?» ማለት ግዴታው ነው። ተዳፋቱ በየአቅጣጫው እኩል ስላልሆነ መነሻው ሲለወጥ ከፍታውም ይለወጣል። ዛሬ የምናገርለት የኤክስሬይ ሥነ ፈለክ ስሌትም ይህንኑ ጥያቄ የሚያነሣ ነው።

ከሰማይ የሚመጣውን ኤክስሬይ አየር ስለሚውጠው፣ ከግሸን አምባም ሆነ ሁለቱ ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ከቆሙበት ከእንጦጦ ተራራ ሊታይ አይችልም። ስለዚህ መሣሪያው ከአየር በላይ መውጣት አለበት። ለዚሁ ሥራ ብቻ የተዘጋጀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. ከኬንያ ጠረፍ አጠገብ በባሕር ላይ ከቆመ መድረክ ተተኮሰች። ዕለቱ የኬንያ የነጻነት በዓል ስለ ነበረ «ኡሁሩ»፣ ማለትም «ነጻነት»፣ ተባለች። በእርስዋም መረጃ የተዘጋጀው የመጨረሻ መዝገብ 339 የኤክስሬይ ምንጮችን ይዟል።

መሣሪያው የሚሠራው ፎቶኖችን በየጉልበታቸው ለይቶ መቁጠር ነው። ውጤቱ ሲሣል ሁለት ነገር ይታያል፤ አንደኛው ያለማቋረጥ የሚዘረጋው ሰፊ ተዳፋት፣ ሁለተኛው በላዩ ላይ እንደ አምባ ብቅ የሚል ጠባብ መስመር ነው። ለምሳሌ የብረት መስመር በ6.4 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ይገኛል። ጀማሪ ተመራማሪ ተዳፋቱን በሞዴል አስልቶ ይቀንሰዋል፤ የቀረውንም «መስመሩ ይህ ነው» ብሎ ይለካዋል። መንገዱ ቀና ቢመስልም ሦስት ጉድለት አለበት።

አንደኛ፣ በአንድ የጉልበት ክፍል 100 ፎቶን ተቆጥሮ ሞዴሉ 90 ቢል ቀሪው 10 ነው። የቆጠራው ስሕተት የ100 ካሬ ሥር፣ ማለትም 10 ስለሆነ፣ ቀሪው ከስሕተቱ አይበልጥም። ከቀነሰ በኋላ ስሕተቱን ከ10 የሚያሰላ ግን 3 ያህል ያገኝና «መስመሩ ከስሕተቱ ሦስት እጥፍ ይበልጣል» ብሎ ያውጃል። የተቆጠረው 85 ቢሆን ደግሞ ቀሪው ከዜሮ በታች 5 ይሆናል፤ ከዜሮ በታች የሆነ ፎቶን ግን የለም።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው የአንዱን ጉልበት ፎቶን በአጎራባቹ ክፍል ሊመዘግበው ይችላል። ስለዚህ የተቆጠረው ቁጥር ከሰማይ የመጣው ጨረር ራሱ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ተዳፋቱ ራሱ ግምት ነው። 10000 ፎቶን ባለበት ክፍል የ2 በመቶ የሞዴል ስሕተት 200 ፎቶን ስለሚሆን፣ 150 ፎቶን ያለውን መስመር ይውጠዋል፤ ወይም የሌለውን ይፈጥራል።

ይህ በወረቀት ብቻ የሚቀር ሥጋት አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ከጋላክሲ ክምችቶች በ3.5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ያልታወቀ መስመር መታየቱ ተዘገበ። መስመሩ ከተዳፋቱ አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ የጨለማ ቁስ ምልክት ሊሆን ይችላል ተብሎ ታላቅ ተስፋ አሳደረ። በ2008 ዓ.ም. «ሂቶሚ» የተባለችው የጃፓን ሳተላይት ከመጥፋትዋ በፊት የፐርሲየስን ክምችት እጅግ አጥርታ ተመለከተች፤ ቀደም ሲል ከዚያ የተዘገበውን ያህል ብርቱ መስመር ግን አላገኘችም።

እንግዲህ መፍትሔው ተዳፋቱንና መስመሩን በአንድ ሞዴል አጣምሮ፣ በመሣሪያው ጠባይ አሳልፎ፣ ከጥሬው ቆጠራ ጋር ማመሳከር ነው። ፎቶኖቹ ጥቂት ሲሆኑ ዌብስተር ካሽ በ1971 ዓ.ም. ያቀረበው ስሌት ይረዳል። ተቀንሶ የሚሣለው ሥዕል የት እንደምንመለከት ይጠቁመናል፤ ሚዛን ሊሆን ግን አይገባውም።

ባልደረቦቼ፣ የድልድይን ንዝረት ወይም የወንዝን ሙላት ስንለካም «መነሻውን ቀንሰናል» ማለት ልማዳችን ነው። የቀነስነው የተለካ ሳይሆን የተገመተ ከሆነ፣ ግምቱን ከነስሕተቱ በዘገባችን ማስፈር ይገባናል። ሥሩን ሳይናገር የአምባውን ከፍታ የሚነግረን ቀያሽ ቁጥር ሰጠን እንጂ ልኬት አልሰጠንም።