ሚዛኑ እኛው ነን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ያልተገኙ ነዋሪዎች እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የወጣ።)



ዛሬ ልንነጋገርበት የተነሣንበት ጉዳይ የፒክአፕ ጭነት ነው። “ይኼ የሾፌሮች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?” የሚል አይጠፋም። እኛም እስካለፈው ክረምት ድረስ እንደዚሁ ስንል ነበር። ነገር ግን በዚያ ክረምት የደረሰብን አደጋ ጉዳዩ የሾፌር ብቻ እንዳልሆነ አስተምሮናል። ስለሆነም ነገሩን ከራሳችን ጥፋት እንጀምራለን።

እንደምታስታውሱት ለቀብር ወደ ገጠር ቀበሌ መሄድ ነበረብን። አስከሬኑ ቤት ደርሷል፣ ዝናብ እየጣለ ነው፣ ለቀስተኛው ሜዳ ላይ ቆሟል። የእድሩን ድንኳን፣ ብረቱን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ዕቃውን ሁሉ በአንዲት ፒክአፕ ላይ ጫንን። ሾፌሩ የሰፈራችን ልጅ ነው። “በሁለት ጊዜ ላመላልሰው” አለን። እኛ ደግሞ “አንዴ ነው፤ ምን ችግር አለው? ቶዮታ ነው፣ ይችላል” አልነው። አልፎ ተርፎ ዘጠኝ ሰዎች በጭነቱ ላይ ወጡ። ከአስፋልቱ ወርደን በጠጠሩ መንገድ ቁልቁለቱን ስንጀምር ፍሬኑ መሽተት ጀመረ፤ ትንሽ ቆይቶም አልይዝ አለ። ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ፣ መሪውን ወደ ዳገቱ ጥግ አዙሮ መኪናዋን ቦይ ውስጥ አስገብቶ አቆማት። ገደል ከመግባት አዳነን። ነገር ግን በብረቱ ላይ ተቀምጦ የነበረ አንድ ወጣት ጭኑ ተሰበረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው የሚያሳፍረን። ጥፋተኛው ሾፌሩ ተባለ። ለሕክምናው ላሙን ሸጦ የከፈለው እሱ ነው። “ጫን” ያልነው እኛ ግን “እግዜር ይማርህ” ብለን ወደየቤታችን ገባን።

ነገሩ ከበረደ በኋላ ሊብሬውን ተውሰን አነበብነው። የተፈቀደው የጭነት ልክ 10 ኩንታል ይላል። እኛ የጫንነውን አንድ በአንድ ደመርን። የድንኳን ብረት 4 ኩንታል። ዝናብ የጠጣ ሸራ 2 ኩንታል። 12 ኪሎ የሚመዝኑ 40 አግዳሚዎች 4 ኩንታል ከ80 ኪሎ። ውኃ የተሞላ በርሜል 2 ኩንታል። ከላይ ዘጠኝ፣ ጋቢና ውስጥ ሦስት፣ ባጠቃላይ 12 ሰው፣ አንዱን በ60 ኪሎ ብንይዘው 7 ኩንታል ከ20 ኪሎ። ድምሩ 20 ኩንታል ይመጣል። ከልኩ እጥፍ ማለት ነው። ያን ዕለት በደጃችን ቆመን ይህን ሂሳብ ለመሥራት አምስት ደቂቃ አይፈጅብንም ነበር።

እንግዲህ ይህ የጭነት ልክ ከየት ይመጣል? ማንም ሰው በግምት የጻፈው ቁጥር አይደለም። ፋብሪካው መኪናውን ሲሠራ ሻንሲው፣ ባሌስትራው፣ ፍሬኑና ጎማው ባንድነት ሊሸከሙ የሚችሉትን ጠቅላላ ክብደት ይወስናል። መኪናው ባዶውን የሚመዝነው ነጠላ ክብደት ይባላል። ነጠላው ከጠቅላላው ሲቀነስ የሚቀረው የጭነት ልክ ነው። ለምሳሌ ጠቅላላው 2,700 ኪሎ፣ ነጠላው 1,700 ኪሎ ቢሆን የሚቀረው 1,000 ኪሎ ወይም 10 ኩንታል ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ ዐዋጅ ቁጥር 681 መኪና ሁሉ እንዲመዘገብና በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። በምዝገባው ጊዜ በሊብሬው ላይ የሰፈረው ልክ የመኪናው ሕጋዊ አቅም ነው።

በሌላ አገር አሠራሩ ይለያያል። በአሜሪካ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ለጭነት የሚያገለግል መኪና ያለው ሰው ሲያስመዘግብ ምን ያህል ጠቅላላ ክብደት ይዞ እንደሚንቀሳቀስ ራሱ ያስታውቃል፤ የምዝገባ ክፍያውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ይሁን እንጂ እዚያም ቢሆን ብዙ ስለከፈለ የመኪናው ፍሬን አይጠነክርም። ወረቀት ብረትን አያጠነክርምና።

እዚህ ላይ በሰፈራችን ስለተለመደ አንድ ስሕተት መናገር አለብን። ብዙዎቻችን ባሌስትራ ላይ አንድ ሁለት ቅጠል ካስጨመርን፣ ስፖንዳውን ከፍ ካደረግን መኪናው 15 እና 18 ኩንታል የሚችል ይመስለናል። ባሌስትራ ሲጨመር የሚለወጠው ነገር ቢኖር የኋላው ዝቅ አለማለቱ ነው። መኪናው ቀጥ ብሎ ስለቆመ ዓይናችን ይታለላል። ፍሬኑ ግን ያው ፍሬን ነው፤ ጎማውም ያው ጎማ ነው፤ የአክስሉም ጥንካሬ አልተጨመረም። 2,700 ኪሎ እንዲያቆም የተሠራ ፍሬን 3,700 ኪሎ ቁልቁለት ላይ ሲያዝ፣ በዚያው ፍጥነት ከሲሶ በላይ ተጨማሪ ሙቀት መሸከም አለበት። ሲግል ይሸታል፤ ሲብስ አይዝም። እኛ ያየነው ይህንኑ ነው። ጭነቱ ወደ ኋላ ሲያመዝን ደግሞ የፊቱ ጎማ ይቀልና መሪ ይሳሳል፤ መብራቱም ወደ ላይ ቀና ስለሚል ማታ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያጠፋል። በተጨማሪም የመኪናን አካል መለወጥ ያለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት እውቅና የሚደረግ ነገር አይደለም።

ሌላው ጥያቄ “መንገዱን ማን ያበላሸዋል?” የሚለው ነው። እዚህ ላይ በእውነት እንነጋገር። አስፋልቱን በዋናነት የሚሰባብረው ፒክአፕ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት በተካሄደ ትልቅ የመንገድ ሙከራ እንደታየው፣ በአንድ አክስል ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ከልክ በላይ የጫነ አንድ ከባድ መኪና ብዙ ሺህ ፒክአፖች የማያደርሱትን ጉዳት ያደርሳል። እንደ ሞጆና ሆለታ ባሉት ቦታዎች የሚዛን ጣቢያ ተተክሎ ከባድ መኪናዎች በየአክስላቸው የሚመዘኑት በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ በደጃችን የሚያልፈው ከአለም ገና በቡታጅራ አድርጎ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚሄደው መንገድ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አባቶቻችን በማኅበር ተደራጅተው ከኪሳቸው ያዋጡበት መንገድ ነው። ከባድ መኪና ያላችሁ ይህን እንዳትዘነጉ አደራ እንላለን።

የፒክአፕ ጉዳት ያለው ግን ውስጥ ለውስጥ ነው። በየጉራንጉራችን በመዋጮ የቀበርናቸው ቱቦዎችና የቦይ መሻገሪያዎች ለቀላል መኪና ታስበው የተሠሩ ናቸው። ርጥብ አሸዋ እስከ አፉ የሞላ ፒክአፕ በላያቸው ሲመላለስ ጫፋቸው ይፈርሳል። ከዚያ ክረምት ሲገባ ውኃው ወደ ሰው ቤት ይገባል። ያን ጊዜ እንደገና መዋጮ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከባዱ መኪና የሚመዘንበት ጣቢያ አለ። ፒክአፕን ግን በሰፈራችን ገበያ መሐል የሚመዝን የለም። ለዓመታዊ ምርመራ ስትሄድም ባዶዋን ነው የምትሄደው። የትራፊክ ፖሊስም በየጠጠሩ መንገድ ሊቆም አይችልም። ታዲያ የፒክአፕ ሚዛን ማነው? የሚጭነው፣ የሚያስጭነውና ላዩ ላይ የሚወጣው ሰው ነው። ሚዛኑ እኛው ነን ያልነው ለዚህ ነው።

በስብሰባው ላይ አንድ ሾፌር ተነሥቶ የተናገረውን እዚህ መጻፍ ይገባናል። “እኔ 10 ኩንታል ብቻ እጭናለሁ ብል ባለ ዕቃው ሌላ 18 የሚጭን ይጠራል። ዋጋው በጉዞ ነው፤ በኩንታል አይደለም። ነዳጅ በየጊዜው ይጨምራል። ልጆቼን ምን ላብላ?” አለ። እውነቱን ነው። የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሣት ከጀመረ ወዲህ የመኪና ሥራ ምን ያህል እንደከበደ ሁላችንም እናውቃለን። ሾፌሩን ብቻ “ሕግ አክብር” እያልን በጉዞ መክፈላችንን ከቀጠልን ንግግራችን ከንቱ ነው። ከልክ በላይ እንዲጭን የሚያስገድደው የእኛው አከፋፈል ነውና። ባለ ዕቃውም ቢሆን አተረፍኩ ይላል እንጂ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደተባለው ነው። ጎማ ሲፈነዳ ሽንኩርቱም ጎመኑም ሜዳ ላይ ይቀራል።

ስለ ኢንሹራንስም አንድ ቃል እንበል። ብዙ ሰው ዓረቦን ከከፈለ ሁሉ ነገር የተሸፈነ ይመስለዋል። በብዙ ውሎች ውስጥ ግን መኪናው ከተፈቀደለት ልክ በላይ ጭኖ ወይም ከተመዘገበበት አገልግሎት ውጭ ሲሠራ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የማይከፈል መሆኑ ተጽፏል። ለዓመታት ኮድ 2 እና ኮድ 3 እያልን የለመድነው ልዩነት ትርጉሙ ይኸው ነው። ለግል የተመዘገበ ሌላ፣ ለንግድ የተመዘገበ ሌላ። የሰሌዳው መልክ ቢለዋወጥም ቁም ነገሩ አይለወጥም። በኪራይ ጭነት የምታነሡ ወንድሞች በምን አገልግሎት እንደተመዘገባችሁ ሊብሬያችሁን ዛሬ ማታ አውጥታችሁ እዩ። ውላችሁንም ማንበብ ለሚችል ልጅ ሰጥታችሁ አስነብቡት።

በዚህ መሠረት ስብሰባው ተወያይቶ የሚከተለውን ተስማምቷል።

አንደኛ፣ በሰፈራችን ያለ የፒክአፕ ባለንብረት ሁሉ በሊብሬው ላይ ያለውን የጭነት ልክ በኩንታል በጋቢናው በር ላይ በጉልህ ያጽፋል። የቀለሙን ወጪ ማኅበሩ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ በመካከላችን የጭነት ዋጋ በኩንታል ይሆናል። ሁለት ጊዜ መመላለስ ካስፈለገ ባለ ዕቃው የሁለቱን ይከፍላል። ይህን ትቶ ብዙ የሚጭን ሾፌር የሚፈልግ ነጋዴ ካለ ስሙን አንለጥፍም፤ ግን ሄደን እናነጋግረዋለን።

ሦስተኛ፣ በጭነት ላይ ሰው አይወጣም። ይህ በትራፊክ ደንቡም የተከለከለ ነው። በተለይ መስቀል ሲደርስ ከአዲስ አበባና ከሌላውም አገር ወገን ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ በሬውም ዕቃውም ሰውም በአንድ ካሶኒ ላይ ሲታጨቅ እናያለን። የደለበ በሬ 3 ኩንታል ቢመዝን አይገርምም፤ ያውም ቆሞ የሚወዛወዝ ጭነት ነው። በሬው ለብቻው፣ ሰው በአውቶቡስ። የበዓል ደስታ ወደ ለቅሶ እንዳይለወጥብን።

አራተኛ፣ የእድሩ ዕቃ ከእንግዲህ በሁለት ጉዞ ይሄዳል። መጀመሪያ ድንኳኑና ብረቱ፣ ቀጥሎ ወንበሩና በርሜሉ። በርሜሉም ባዶውን ይሄዳል፤ ውኃ እዚያው ይቀዳል።

አምስተኛና የመጨረሻው፣ ያ ሾፌር ለሕክምናው ያወጣው ገንዘብ ከማኅበሩ ሣጥን እንዲተካለት ተወስኗል። ባንድ ጊዜ ስለማንችል በሦስት ወር ከፍለን እንጨርሳለን። በስብሰባው ላይ ሽማግሌዎቻችን ተነሥተው ይቅርታ ጠይቀውታል፤ እሱም ተቀብሏል። ወጣቱም ምርኩዙን ጥሎ መራመድ ጀምሯል፤ ተመስገን ነው።

ለማስታወስ እንዲመች አንዳንድ መለኪያዎች ከዚህ በታች አሉ፤ ልጆቻችሁ በደብተራቸው ይገልብጧቸው። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ 20 ከረጢት 10 ኩንታል ይሞላል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ማለት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ አሸዋ ወደ 16 ኩንታል ይጠጋል፤ ርጥብ ሲሆን ይበልጣል። እንግዲህ 10 ኩንታል ለተፈቀደላት ፒክአፕ ግማሽ ሜትር ኩብ አሸዋ ይበቃታል። ባለ 12 ሚሊ የቤት ብረት አንዱ ዘንግ በ12 ሜትር ርዝመቱ ወደ 11 ኪሎ ነው። በሚዛን ያልተለካ ነገር ሲያጋጥም በግምት ዝቅ አድርጎ ከመጻፍ ከፍ አድርጎ መያዝ ይሻላል።

ክቡራን ነዋሪዎች፤ “አንዴ ነው” የምትለዋን ቃል ከአፋችን እናውጣ። ያ ወጣት የተሰበረው በዚያች አንዴ ነው።



የማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ
ቡኢ