ልጃችሁ ለሰንበት ከመንገድ ሲመጣ

ከሰሜን ተነስቶ በብስክሌት እስከ ኤላት የሚጓዝ ልጃችሁ በመካከሉ ለሰንበት ቤት ቢመጣ «አቃተው» አትበሉ። ሽማግሌዎች «አውቶቡስ እያለ ምን ቸግሮት?» ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ በ1980ዎቹ ብዙ ወገኖቻችን ከጎንደር ሱዳን ድረስ በእግር የሄዱት ተቸግረው ነበር። እሱ ግን ወዶ ነው። ይታጠብ፣ ይብላ፣ ይተኛ፤ ጥያቄው ይቆይ። እሑድ ሲነሳ እናት በር ላይ ብታለቅስ ልጁ ይቀራል፤ ቀርቶም ያኮርፋል። ከማልቀስ ይልቅ ፍሬኑንና መብራቱን አብራችሁት እዩ። «ቃስዳ» የሚባለው የራስ መከላከያ ከከተማ ውጭ ለአዋቂም በሕግ ግዴታ ነው። ለኔጌቭ በረሃ ውኃ አብዝታችሁ አስይዙት፤ ማታ የሚደውልበትን ሰዓትም ሳይወጣ ተስማሙ።