የርኅራኄ መንገድ ከወዴት ይጀምራል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ለዛሬው ትምህርት ምክንያት የሆነችኝ አንዲት ወጣት ናት። ወላጆቿ የቢቸና ተወላጆች ሲሆኑ እርሷ ያደገችው በባሕር ማዶ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ጋር ሆና የዕረፍት ወራቷን ለበጎ ሥራ ልትሰጥ አስባ፥ «አባ፥ የተቸገሩ ወጣት ሴቶችን ለመርዳት ከምንኖርበት አገር ወጥተን ልንሄድ ነው፤ ወዴት ብንሄድ ይሻላል? ስንሄድስ ምን እናድርግ?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የብዙዎች ጥያቄ ስለ ሆነ፥ መልሱን ለእርሷ ብቻ ከምሰጥ ለሁላችሁም ብናገረው ይበጃል ብዬ አሰብሁ።

በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 10 የተጻፈውን የደጉን ሳምራዊ ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በኢየሩሳሌምና በኢያሪኮ መካከል ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉት አንድ ሰው ነበር። በዚያ መንገድ ሦስት ሰዎች አለፉ። ካህኑ መንገደኛ ነበረ፤ ሌዋዊውም መንገደኛ ነበረ፤ ሳምራዊውም መንገደኛ ነበረ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ መንገድ መሄድ ብቻውን ጽድቅ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም በጸደቁ ነበር። ሳምራዊውን ከሁለቱ የለየው የመንገዱ ርዝመት አይደለም፤ ቆሞ ከአህያው መውረዱ፥ ቁስሉን ማጠቡ፥ ወደ ማደሪያም መውሰዱ ነው። ይህም ብቻ አይደለም፤ ለባለ ማደሪያው ገንዘብ ከሰጠ በኋላ፥ የጎደለውን ሲመለስ ሊከፍል ተስፋ ሰጠ። ርኅራኄ ይቆማል፤ ይወርዳል፤ ደግሞም ይመለሳል።

ይህ ነገር በአገራችን በተግባር የታየበትን ታሪክ ላስታውሳችሁ። በ1951 ዓ.ም. ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ትንሹን ልጃቸውን ይዘው ከአውስትራልያ ወደ አዲስ አበባ መጡ። በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ማስታወቂያ አይተው፥ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል አዋላጆችን ለማሠልጠን ለሦስት ዓመት ውል የገቡ ሐኪሞች ነበሩ። በዚያም ያላሰቡትን አገኙ። በምጥ ብዙ ቀን ተጨንቀው፥ ልጃቸውን አጥተው፥ ሽንታቸውን መቋጠር ያቃታቸው፥ ባል የተዋቸውና ጎረቤት የሸሻቸው ወጣት ሴቶች ከየገጠሩ ይመጡ ነበር። ሐኪሞች ይህን ደዌ ፌስቱላ ይሉታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ምጡ ሳይፈታ ሲቆይ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ገላ ከአጥንቷ ጋር ተጭኖ ደም ያሳጣዋል፤ ደም ያጣው ገላ ይሞትና ይቀደዳል። አካሏ ሳይጠነክር በልጅነቷ የተዳረችና አዋላጅ በሌለበት የምትወልድ ሴት ለዚህ አደጋ የተጋለጠች ናት።

የሦስቱ ዓመት ውል የዕድሜ ልክ ሆነ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ለእነዚህ ሴቶች ብቻ የሚሆን ሆስፒታል በአዲስ አበባ አቋቋሙ። ባላቸው በ1993 ካረፉ በኋላም ዶክተር ካትሪን ሥራውን አልተዉም፤ በዚያው አቆጣጠር በ2005 ለጎጃምና ለአካባቢው ሴቶች ቅርብ የሆነ የሕክምና ማዕከል በባሕር ዳር ተከፈተ። መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው በአዲስ አበባ እስኪያርፉ ድረስ ከ60 ዓመት በላይ በመካከላችን ኖሩ። እርሳቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው ያከሙአቸው ሴቶች ከ60 ሺህ ይበልጣሉ። የእነዚህ ሰዎች የአምልኮ ሥርዓት ከእኛ ሥርዓት የተለየ ነው፤ ነገር ግን ጌታችን ምሳሌውን ሲናገር ደግ ሥራን ከሳምራዊ እንድንማር ማድረጉን አንርሳ።

የተወደድሽ ልጄ ሆይ፤ እንግዲህ ሂጂ፤ አልከለክልሽም። ነገር ግን ሦስት ነገር አሳስብሻለሁ።

በመጀመሪያ፥ የምትረጃትን ሴት ክብር ጠብቂ። 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችውን ሴት አስቢ። በሕጉ ርኩስ ተብላ ከሰው ተለይታ ነበር፤ ተደብቃም የልብሱን ጫፍ ዳሰሰች። ጌታችን በሕዝብ ፊት «ልጄ» ብሎ ጠራት እንጂ አላሳፈራትም። አንቺም ኀፍረቷን ለወዳጆችሽ የምታሳዪው ፎቶግራፍ አታድርጊው። ስሟን ጠይቂያት፤ አብረሻት ብዪ።

ሁለተኛም፥ የምታውቂውን አስተምሪ። ማሚቱ ጋሼ ከገጠር ወደ እነዚያ ሐኪሞች ስትመጣ በምጥ የተጎዳች፥ ማንበብና መጻፍ የማታውቅ ወጣት ነበረች። ከዳነች በኋላ አልጋ በማንጠፍ ጀመረች፤ ቀጥላም በቀዶ ጥገናው ማገዝን፥ በመጨረሻም ራሷ መቅደድና መስፋትን ተማረች። ለሌሎች ሐኪሞች እስከ ማስተማርም ደረሰች። የተረዳችው ረጂ ስትሆን የእርዳታው ፍሬ ያን ጊዜ ይታወቃል።

ሦስተኛም፥ የመመለስን ነገር አስቢ። ከሞጣ አቅራቢያ በዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ የሚባለውን የፋሲልን ዘመን ሥራ ወላጆችሽ ሳይነግሩሽ አይቀሩም። በጠላት ወረራ ዘመን ከተሰበረ በኋላ ከጎጃም ወደ በጌምድር የሚሻገረው ሰው በገመድ እየተሳበ ያልፍ ነበር። ይህንን በአንድ መጽሔት ላይ በፎቶግራፍ ያየ አሜሪካዊ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ከበጎ ፈቃደኞችና ከአገሬው ሰው ጋር ሆኖ ስብራቱን ጠገነ። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። «የድርሻችንን አድርገናል» ብለው ሊቀሩ ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ተመልሰው በ2009 ከጎርፉ ከፍ ያለ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግር ድልድይ ተሠራ። አንድ ወር ሠርቶ የሚረሳ ረጂ፥ ጎርፍ እንደሚወስደው ድልድይ ነው።

ምእመናን ሆይ፤ ለልጂቱ ይህን ከመከርሁ በኋላ ኅሊናዬ ወደ ራሴ ተመለሰ። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ፊት ሳልናዘዘው የማላልፈው ነገር አለ።

የዛሬ 40 ዓመት ገደማ ነው። በሚያዝያ 23 ቀን ለሚከበረው የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል እንዳስተምር ተጠርቼ ከቢቸና ተነሥቼ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ በእግሬ እሄድ ነበር። በመንገድ ላይ በአንድ መንደር አደርሁ። ሲነጋ የቤቱ እመቤት ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። በዚያ ከቤቱ የተለየች ትንሽ ጎጆ ነበረች። በውስጧ በገለባ ላይ የተቀመጠች ወጣት ሴት ልጅ አየሁ። በ12 ዓመቷ ተድራ፥ በመጀመሪያው ምጧ ተጎድታ፥ ባሏ ወደ እናቷ የመለሳት ናት። ጋብቻዋን የባረከም እንደ እኔ ያለ ካህን ነበረ። እናቲቱ፥ «አባቴ፥ ይድገሙላት» አለችኝ። እኔም ከሽታው የተነሣ አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፍኜ ከደጅ ቆሜ ጸሎት አደረስሁ፤ ጠበል ረጨሁ፤ በዓሉ እንዳያመልጠኝም ፈጥኜ ሄድሁ።

ጸሎቴ ኃጢአት አልነበረም፤ ጸሎትስ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ኃጢአቴ ይህ ነው፦ በአዲስ አበባ እንዲህ ያለችውን ሴት ያለ ዋጋ የሚያድን ሆስፒታል እንዳለ አስቀድሜ ሰምቼ ነበር። ለዚያች እናት ግን አልነገርኋትም። አንዲት ቃል ነበረች፤ እርሷንም ነፈግኋት። በሞጣ በብዙ ሕዝብ ፊት ስለ ፍቅር አስተማርሁ፤ ስመለስም በሌላ መንገድ ተመለስሁ። የዚያች ልጅ መጨረሻ ምን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። በምሳሌው ውስጥ ወዲያ ማዶ ያለፈው ካህን እኔ ነኝ።

ስለዚህ እላችኋለሁ፤ የርኅራኄ መንገድ ከጓሮ ይጀምራል። ባሕር ተሻግረው የሚመጡት ሰዎች የሚያክሙት፥ እኛ በደጃችን ያቆሰልነውን ነው። የቢቸናና የሞጣ አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ሴት ልጃችሁን ገና በልጅነቷ «ሳትዋረድ በጊዜ ልዳራት» ስትሉ ለዚያች ጎጆ እያጫችኋት እንደ ሆነ አስቡ። የአገራችን ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል፤ ትምህርት ቤቷን ትጨርስ። ምጥ የያዛትንም ሴት ቀን ከሌት በቤት አታቆዩአት፤ ተሸክማችሁ ወደ ሐኪም አድርሱአት። የነፍስ አባቶች ወንድሞቼ ሆይ፤ ለሠርግ ስትጠሩ ከድግሱ አስቀድማችሁ የሙሽራይቱን ዕድሜ ጠይቁ፤ ልጅ ከሆነች መስቀላችሁን አታንሡ። ተደብቃ ያለች ልጅም ብታውቁ፥ ጸልዩላት፤ ከጸሎቱም ጋር መንገዱን አመልክቱአት። ዛሬ ባሕር ዳር ለሞጣ ሰው ሩቅ አይደለም። የመሳፈሪያ ገንዘብ ብታጣ ከምጽዋት ሣጥን አውጥታችሁ ስጡአት፤ ወጥቶ ቢቆጠር ከዚህ የሚበልጥ ምጽዋት የለም።

አንቺም ልጄ፥ ከጓደኞችሽ ጋር ወደየትም ብትሄጂ እግዚአብሔር ይከተልሽ። ወደ አባቶችሽ አገር ብትመጪ ግን፥ ከበዓሉ አደባባይ አስቀድመሽ ወደ ጓሮው እለፊ። እኔ ያለፍኋትን አንቺ እንዳታልፊያት።

የወደቀውን አይቶ ከሰማይ የወረደ፥ ቁስላችንንም በደሙ ያጠበ አምላካችን ልበ ርኅሩኅ ያድርገን፤ የተሠወሩትን እኅቶቻችንን ይፈልግልን፤ ያለፍናቸውንም ይቅር ይበለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።