ለአመሻሽ ብርሃን የሚሆን ሌንስ



በጋምቤላ ከተማ፣ በባሮ ወንዝ ዳር፣ አንድ አመሻሽ ላይ የአንድ አረጋዊ ዓሣ አጥማጅ ፎቶግራፍ በዙም ሌንስ አነሣሁ። የሌንሱ ቀዳዳ ከ5.6 አልፎ ስለማይከፈት መዝጊያው በ1/15 ሴኮንድ ዘገየ፤ ፊታቸውም ደበዘዘ። በሌላ ጊዜ ልድገመው ብዬ ስመለስ ግን እርሳቸው ዐርፈዋል።

ከዚህ የተማርሁትን ላስረዳ። የማያቀርብና የማያርቅ፣ ቀዳዳው እስከ 1.8 የሚከፈት የ50 ሚሊሜትር ሌንስ 10 እጥፍ ያህል ብርሃን ስለሚያስገባ በ1/125 ሴኮንድ ለማንሣት ያስችላል። የ85 ሚሊሜትሩ ለፊት ያምራል፤ ነገር ግን በዚሁ ቀዳዳ፣ በ2 ሜትር ርቀት፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 6 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በጠባብ ቤትም መሸሻ ያሳጣል። ስለሆነም በቅድሚያ የ50ውን መግዛት፣ ትኩረቱንም በቅርቡ ዓይን ላይ ማሳረፍ ይበጃል።

ለእኚያ አረጋዊ ያልደረሰው ለሌሎች ይድረስ።