የላሟን ውኃ ማን ይቀዳል?

በጎንደር ከተማ፣ ፒያሳ፣ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከየሰበካው ከሚደርሱን ማመልከቻዎች ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ። ለመበለቶች፣ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ለሚያሳድጉ፣ ኑሮ ለከበዳቸው አገልጋዮች የተዳቀለች የወተት ላም ይገዛልን ይላሉ። ጥያቄው ቅን ነው። የአገራችን ላም በቀን 1 ወይም 2 ሊትር ስትታለብ፣ በደንብ የተያዘች ዲቃላ 8 እና 10 ሊትር ትሰጣለች። ወተቱም በጾም ካልሆነ በቀር ገበያ አያጣም፤ ከዚህ አዳራሽ ወጣ ብሎ በፒያሳ ቡና ቤቶች በር ላይ ማለዳ የሚቆም ሰው ከአዘዞና ከከተማው ዳርቻ በጀሪካን የሚገባውን ወተት ያያል። ሆኖም በማመልከቻዎቹ ላይ የላሟ ዋጋ፣ የበረቱ ቆርቆሮ፣ የመኖው ኩንታል ተዘርዝሮ ሳለ ስለ ውኃ የተጻፈ መስመር እምብዛም አናገኝም። ዛሬ ልንነጋገርበት የወደድነው ስለዚያ መስመር ነው።

ሒሳቡ አስቸጋሪ አይደለም። ወተት ከመቶ 87 እጁ ውኃ ነው። የምትታለብ ላም ለምትሰጠው ለእያንዳንዱ ሊትር ወተት ከ4 እስከ 5 ሊትር ውኃ መጠጣት ይኖርባታል። 10 ሊትር የምትታለብ ዲቃላ እንግዲህ በቀን 50 ሊትር ያህል ትፈልጋለች፤ የጡቷና የወተት ዕቃው ማጠቢያ ሲጨመር 60 ሊትር እንበል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ምንጩ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ከሆነ፣ 20 ኪሎ በጀርባ አዝሎ በየቀኑ ሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ የቤተ ሰቡ መጠጥና ማብሰያ ገና አልተቀዳም። የሚሸከመው ማን እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ላሟ የተሰጠቻት መበለት ራሷ ናት፤ አለዚያም ከትምህርት ቤት የቀረች ልጇ።

የአገር ላም በእግሯ ወደ ወንዝ ወርዳ ትጠጣለች። በበጋ ውኃው ሲርቅ በሁለት ቀን አንዴ እየጠጣችም ትከርማለች፤ ወተቷ ይቀንሳል እንጂ ትኖራለች። ከበረት ተይዛ የምትቀለበው ዲቃላ ግን ጥም አትችልም። ውኃ የጎደላት ዕለት ወተቷ ወዲያው ይወርዳል፤ የመኖው ወጪ ግን አይወርድም። በዚያ ላይ ለምለም ሣር ከመቶ 80 እጁ ውኃ ሲሆን ጭድና ገለባ ደረቅ ነው። ስለዚህ ምንጩ በሚመነምንበት በመጋቢት ላሟ ከምንጊዜውም የበለጠ ትጠማለች።

ርብቃ ለአብርሃም ሎሌና ለዐሥሩ ግመሎቹ ውኃ የቀዳችበትን ታሪክ ስለ ደግነቷ እንሰብከዋለን። የተጠማ ግመል በአንድ ጊዜ 100 ሊትር ያህል ሊጠጣ እንደሚችል ግን ብዙ ጊዜ አናነሣም። ያቺ ልጅ እንስራዋን ይዛ ወደ ውኃው ስንት ጊዜ እንደ ወረደች የሚያስብ ሰባኪ፣ በየደብሩ ሥር ጀሪካን ያዘሉትን ልጆች ያስታውሳል ብለን እናምናለን።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህን ከእናንተ ከካህናት በተሻለ የሚያውቅ የለም። 55 ቀን የምንጾመው ዓቢይ ጾም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ውስጥ ይውላል። እነዚህ በደጋችንም ሆነ በወይና ደጋችን ውኃ እጅግ የሚያንስባቸው ወራት ናቸው። ይህም ማለት ለወተቱ የሚቀዳው ውኃ በሚርቅበት ወቅት የወተቱ ፈላጊ ይጠፋል። የፒያሳው ማኪያቶ ይቀራል፤ ወተቱ ተንጦ ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል፤ ላሟ ግን እየበላችና እየጠጣች ነው። ገንዘብ በማይገባበት ወቅት ለመኖ ስትበደር የከረመች እናት ላሟን ብትሸጥ ሊፈረድባት አይገባም።

ለዚህ አንድ መላ አለ። ላም 9 ወር ከጥቂት ቀን ታረግዛለች። ከመውለዷ በፊት ባሉት ሁለት ወራት ደግሞ ማለብ መቆም አለበት፤ ይህም ለጥጃውም ለቀጣዩ ወተትም ይበጃል። በሐምሌ አጋማሽ የተጠቃች ላም በሚያዝያ መጨረሻ ገደማ ትወልዳለች። እንግዲህ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ትነጥፋለች፤ የነጠፈች ላም የምትጠጣው ከምትታለበዋ በብዙ ያነሰ ነው። ከኛ ጋር ትጾማለች ብንል ያስቃል እንጂ ስሕተት አይሆንም። ከወለደች በኋላ ወተቷ እየበዛ የሚሄደው ሰኔ ገብቶ ሣሩ ሲበቅል ነው። በርግጥ የሰኔው ጾምና ፍልሰታም አሉ፤ ሁሉም ላም በመጀመሪያው ማዳቀል አትይዝም፤ የማዳቀል ባለሙያውም በሐምሌ ጭቃ ሁሉም ቀበሌ አይደርስም። ቢሆንም አቅጣጫው ይህ ቢሆን እንመርጣለን።

ይህን ስንል ግን አንድ ቤት እንለያለን። አንዲት ላም ብቻ ያላትና ሕፃናት የምታሳድግ እናት በጾም ወራት ላሟን እንድታነጥፍ አንመክርም። ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዲጾሙ አይገደዱም፤ ብዙ እናቶች ግን የጾም ዕቃ እንዳይነካካ ሰግተው ለልጁም ወተት አያፈሉለትም። እዚህ ላይ የኛ የፕሮጀክት ሰዎች ቃል የትም አይደርስም። የንስሐ አባት አንድ ቀን ቡና ላይ ተቀምጦ “ለልጁ የተለየ ዕቃ ያዢለት፤ ወተቱን ስጪው” ቢላት ያበቃል።

ወደ ውኃው እንመለስ። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። በጎንደር አካባቢ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት፣ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ፣ 32,000 ሊትር ያወርዳል። አንዲት የምትታለብ ላም በአምስት የበጋ ወራት የምትፈልገው በቀን 60 ሊትር ቢታሰብ 9,000 ሊትር ነው። ዝናቡ በግማሽ ቢቀንስ የሚተርፍ አለ። እንግዲህ 10,000 ሊትር የሚይዝ ማጠራቀሚያ፣ ሮቶም ቢሆን በድንጋይና በሲሚንቶ የተሠራ፣ ክዳን ያለው፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ በውጭ የሚፈስበት ከሆነ፣ የሦስት ሰዓቱን መንገድ ያስቀራል። በመንደሩ ውስጥ ከሁሉ የሚሰፋው ጣሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ከእርሱ የሚወርደው ውኃ መሠረቱን እየቦረቦረ ሲሄድ ዝም ብለን የምናይባቸው ደብሮች ጥቂት አይደሉም።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው፤ ማጠራቀሚያው ዘንድሮ ይሠራ፤ ክረምቱ ይሙላው፤ ላሟ ከርሞ ትምጣ። ለሪፖርት የላም ፎቶ ከታንከር ፎቶ እንደሚያምር እናውቃለን። ርዳታ ሰጪዎችም ላሟን ቢያዩ ይወዳሉ። ግን ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ወተቱ የሚቆመው ከሴቲቱ ጀርባ ላይ ነው።

የጸበሉንም ነገር ማንሣት ግድ ነው። ሌላው ተራራ ሲራቆት የቤተ ክርስቲያን ዛፎች ስለ ተጠበቁ፣ በበጋ ያልነጠፈው ምንጭ ብዙ ጊዜ ከደብሩ ሥር ያለው ነው። ከብቱም ወደዚያው ይነዳል፤ ከዚያም ጸበሉን አረከሱብን የሚል ጠብ ይነሣል። ከልክሎ መቆም አያዛልቅም። ምንጩ ታጥሮ፣ ትርፉ በቧንቧ ዝቅ ብሎ ወደ ተሠራ ገንዳ ቢወርድ ሰው ከላይ ይቀዳል፣ ከብት ከታች ይጠጣል። ሥራው የሲሚንቶ ወጪ አለው፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን ገንዳውን በየሳምንቱ የሚያጥብ ሰው መመደብ ነው።

ከተሜዎችም ከዚህ ውጭ አይደለንም። ለጎንደር ውኃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ ከላይ ከተራቆቱት ተዳፋቶች በሚመጣ ደለል ሲሞላ ኖሯል፤ በየሰፈሩ ውኃ በፈረቃ ነው፤ የመገጭ ግድብም ለዓመታት ተጓትቷል። በልቅ ግጦሽ የሚሰማሩ አምስት ከብቶች በረገጡት ኮረብታ የታጠበው አፈር መጨረሻው እዚያ ነው። ሣሩ ታጭዶላት በበረት የምትቀለብ አንዲት ላም፣ የኑግ ፋጉሎ፣ የጠላ አተላ፣ ቢገኝም የዳሸን ቢራ የብቅል ተረፈ ምርት እየተጨመረላት፣ ከአምስቱ የበለጠ ወተት ልትሰጥ ትችላለች፤ ኮረብታውም ያርፋል። ስለዚህ ዲቃላዋን የሚቀበል ቤት በልቅ የሚሰማሩትን እንዲቀንስ ሰበካው አስቀድሞ ቢያስማማው ተገቢ ነው።

ላም መስጠት የማይገባን ቦታም አለ። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ዝናብ ሲጠፋ ሕዝቡ ተራበ፤ እንስሳቱም አለቁ። ለጠለምት ቆላ ዲቃላ ላም ሸክም ናት፤ እዚያ ፍየል ይሻላል፤ ከዚያም በፊት የሰው መጠጥ ውኃ። ለደጋውም ቢሆን፣ ክረምቱ በጊዜ ካልገባ ወይም በነሐሴ ከተቋረጠ፣ ሰበካ ጉባኤው በጥቅምት ተሰብስቦ የትኞቹ ከብቶች እንደሚሸጡ መምከር አለበት። በጥቅምት ያልተሸጠች ላም በመጋቢት አጥንቷ ወጥቶ ለገበያ ስትቀርብ፣ ጎረቤቱም ሁሉ የራሱን ይዞ እዚያው ቆሟል።

በሚቀጥለው ማመልከቻችሁ ላይ እንግዲህ ሁለት ቁጥሮች እንጠብቃለን፤ ከቤቱ እስከ ውኃው ደርሶ መልስ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ ቤቱ በቀን ስንት ጀሪካን እንደሚቀዳ። መንገዱን የምትለኩት ሁሉም ምንጭ በሚሞላበት በጥቅምት ሳይሆን በሚያዝያ ይሁን። ከኮሚቴው አንድ ወንድ ጀሪካኑን ሞልቶ አዝሎ ይመለስና ሰዓቱን ይጻፍልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።