ያልመጣ ኳስ አይቆጠርም
(በተመራቂዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራሽ ትንሽ አጫውቺን» ሲሉኝ ስለ ወባ አወራለሁ ብለው ጠብቀው ይሆናል። እኔ ግን የማወራው ስለ ኳስ ነው። ዕጣ ባወጣንበት ቀን «ቤኒሻንጉል ጉሙዝ» የሚል ወረቀት ደርሷት ያለቀሰችውን ልጅ ታስታውሳላችሁ? እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ብዬ ሄጄ ይኸው እስካሁን አሶሳ ነኝ።

ሸርቆሌ ከአሶሳ ወደ ሱዳን ድንበር ስትሄዱ የምትገኝ ቦታ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የስደተኞች መጠለያ አላት፤ ከሱዳን፣ ከደቡብ ሱዳን፣ ከኮንጎም ሳይቀር የመጡ ሰዎች ይኖሩበታል። የእንግሊዝ ሊግ ሲጀመር ግን የአገሩም ልጅ ስደተኛውም ዲኤስቲቪ ቤት ነው የሚገናኘው። አንድ ቅዳሜ ለሱፐርቪዥን ሄጄ መኪናችን ተበላሸችና መካኒክ እስኪመጣ እዚያ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ጨዋታው አለቀ። የቡድኖቹን ስም አልጠራም፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጠብ አልፈልግም። አንዱ ልጅ ስልኩን አወጣና «ተከላካያችሁ 6.4 ነው ያገኘው» አለ። ቤቱ ተናወጠ።

«ጨዋታውን አላየህም እንዴ?»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ቁጥሩ ነው የሚለው!»

ከኋላ የተቀመጠ ቀጭን ልጅ ተነሳ። «በሱ በኩል ኳስ የመጣው መቼ ነው? አጥቂው እሱን ሲያይ ወደ ሌላው ክንፍ ይዞር ነበር። ያልመጣ ኳስ አይቆጠርማ!»

እንደ ሶፋስኮርና ሁስኮርድ ያሉት ነጥብ ሰጪዎች እንዴት እንደሚሠሩ ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ተጫዋቹ መነሻ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ሶፋስኮር ላይ 6.5፣ ሁስኮርድ ላይ 6 ነው። ከዚያ ጎል፣ አሲስት፣ የተሳካ ቅብብል፣ ሸርተቴ፣ የተነጠቀ ኳስ እየተመዘገበ ይጨመርለታል ወይም ይቀነስበታል። የሚመዘገበው ኳሱ አጠገብ የሆነው ነገር ነው። ቦታውን ቀድሞ ይዞ አደጋውን ያስቀረ ተከላካይ በመዝገቡ ላይ ሥራ ፈትቶ የዋለ ይመስላል።

ይህ የዲኤስቲቪ ቤት ክርክር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ማንቸስተር ዩናይትድ ያፕ ስታምን ለላዚዮ ሸጠው። ከምክንያቶቹ አንዱ የሸርተቴው ቁጥር መቀነሱ እንደነበር በሰፊው ተጽፏል። ስታም ባለባቸው ሦስት ዓመታት ሦስቱንም ሊጎች የወሰደው ቡድን በሚቀጥለው ዓመት ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ራሳቸው በኋላ «ስህተት ነበር» ብለዋል።

በዚህ ላይ የራሳችንንም እናስታውስ። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከ31 ዓመት በኋላ በአፍሪካ ዋንጫ፣ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር። ሳላዲን ሰኢድ ፍጹም ቅጣት ምት መታ፣ በረኛው መለሰበት። የኛ በረኛ ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ ቀይ ካርድ አየ። አስር ሰው ሆነን አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ወጣን። በነጥብ ቢሆን የስንቱ ወረቀት በቀይ ይሞላ ነበር! እኔ ባየሁበት ቤት ግን ያን ማታ ለማንም ነጥብ የሰጠ አልነበረም፤ ተቃቅፈን ነው ያመሸነው።

ደጋፊ ሁሌ ትክክል ነው እያልኩ አይደለም። ደጋፊ የሚወደውን አጋንኖ፣ የጠላውን አሳንሶ ያያል። ማንም ስሙን የማይጠራው ዝምተኛ አማካይ ስንት ኳስ እንዳስጣለ የሚነግረን ቁጥር ነው። እኛም ሐኪሞች ያለ ቁጥር አንሠራም። ችግሩ ቁጥሩን ይዘን ሰውየውን ማየት ስናቆም ነው። ይህን የምለው ራሴ አድርጌው ስለማውቅ ነው።

ከዚያ ቅዳሜ በፊት በነበረው ዓመት የጤና ባለሙያዎችን ስገመግም፣ አንዲት ሚድዋይፍ ከሁሉም ዝቅተኛውን ነጥብ አገኘች። ቼክሊስቱ በጤና ጣቢያው የወለዱትን እናቶች ይቆጥራል፤ የሷ ቁጥር ትንሽ ነበር። ፈረምኩ። ለሥልጠና የመሄድ ዕድሉም ለሌላ ሰው ተሰጠ። አንድም ጥያቄ አልጠየቅኳትም።

የዚያ ቀጭን ልጅ ንግግር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ያልመጣ ኳስ! በማግስቱ ሄጄ የሪፈር መዝገቡን አስወጣሁ። ልጅቱ ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለደችውን፣ መንታ የያዘችውን፣ ግፊት የጀመራትን እናት ሁሉ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው፣ ምጥ ሳይጀምራት፣ ቤት ለቤት እየዞረች ባልና አማት እያሳመነች ወደ አሶሳ ስትልክ ነበር። ወሊዱ የሚቆጠረው ለሆስፒታሉ ነው። ሌሊት በጭቃ ተይዞ ያልቀረው መኪና፣ ደም ያልፈሰሳት እናት በየትኛው ሳጥን ይሞላሉ?

ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። አልተቆጣችም። «ዶክተር፣ ያኔ ቢጠይቁኝ መዝገቡን አሳይዎት ነበር» ብቻ አለችኝ። ቁጣዋ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ቤታችን ልመለስና፣ ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው አንድ ነጥብ አለ፤ አፕጋር። ዶክተር ቨርጂኒያ አፕጋር እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጡት ነው። የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የጡንቻ ጥንካሬ፣ ለንክኪ የሚሰጠው ምላሽ፣ የቆዳ ቀለም፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2። በአንደኛው ደቂቃ እናያለን፣ በአምስተኛው ደቂቃ ተመልሰን እናያለን። 4 ያገኘን ሕፃን «ሰነፍ» ብሎ ጥሎት የሄደ ሐኪም አላውቅም። ነጥቡ ዝቅ ሲል ወደ ልጁ እንጠጋለን፣ ምን ጎደለው እንላለን። እኔ ከዚያች ሚድዋይፍ ጋር ያደረግኩት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ነጥቧ ዝቅ ሲል ራቅኳት።

መምህራኖቻችን፣ እናንተ ዛሬም ኢንተርን ትገመግማላችሁ። ሎግቡኩ ላይ ስንት እንደሰፋና ስንት እንዳዋለደ ይቆጠራል፤ ይቆጠርም። ከታማሚው አልጋ ጠርዝ ተቀምጦ፣ መድኃኒቱን ለምን እንዳቆመ ጠይቆ፣ በሽተኛው ዳግመኛ እንዳይተኛ ያደረገው ልጅ ግን ቁጥር የለውም። ጓደኞቼ፣ አብዛኞቻችሁ አሁን ሜዲካል ዳይሬክተር፣ ኃላፊ ሆናችኋል። ዝቅተኛ ነጥብ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ሰውየውን ጥሩና «ምን ስትሠራ ነበር?» በሉት። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

እኔ ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ አልፈርምም። ያቺ ሚድዋይፍም በቀጣዩ ዙር ሠለጠነች። ቀጭኑ ልጅ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይከራከራል፤ ሸርቆሌ ከመጣችሁ አስተዋውቃችኋለሁ። የቡድናችሁን ስም ግን ቀድማችሁ አትንገሩት።