እርሾ፣ እርጎና የስኳር ኪኒን

(በየካ አባዶ በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ጸሐፊያችን «ሩብ ሰዓት ያህል ስለ ጤና ተናገር» ብለው ሲያዙኝ እሺ ያልኩት ያለብኝን ዕዳ ለመክፈል ነው። ዕዳው ምን እንደ ሆነ በቅድሚያ ልንገራችሁና ወደ ነገሩ እገባለሁ።

ዐምና በአንድ ለቅሶ፣ በሥልስቱ ማታ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ጨዋታ ተነሣ። እኔ እንደምታውቁኝ ዕድሜዬን በላቦራቶሪ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ሥራዬ ማንበብ ሆኗል፤ ያነበበ ሰው ደግሞ ማውራት ይወዳል። «በሆዳችን ውስጥ ያሉት ተሐዋስያን ስኳርንም ውፍረትንም ያዛሉ፤ እርጎና እርሾ ለነሱ ይስማማቸዋል» አልኩ። ያልኩት ይኸው ነው። ከጎኔ የተቀመጡት ጎረቤታችን ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከዚያ ወዲያ አራት ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ እርጎ እየጠጡ፣ ከሊጥ ላይ የተቀዳ እርሾ በብርጭቆ እየጨለጡ፣ የስኳር ኪኒናቸውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው ኖሩ። እግራቸው ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን ብትላቸው ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ስኳራቸው ከ400 በላይ ሆኖ ተገኘ። ሁለት የእግር ጣታቸው ተቆረጠ። ልጠይቃቸው ሄጄ «ኪኒኑን ለምን ተዉት?» ብላቸው፣ «አንተው አይደለህ እንዴ የነገርከኝ?» አሉኝ። ዛሬ እዚህ በመካከላችን አሉ፤ ስሜን አትጥራ እንጂ ነገሩን ተናገር ብለው ፈቅደውልኛል።

እንግዲህ ያን ማታ በጥቂት ቃል ያበላሸሁትን ዛሬ በረዥሙ ላቃናው ነው የቆምኩት። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

እርሾ ምንድር ነው? ከመሐል ከተማ ወደዚህ ኮንዶሚኒየም ስንመጣ እናቶች ከዕቃው ሁሉ በፊት ያሰቡት እርሾውን እንዴት እንደሚያጓጉዙት ነበር። አንዷ ብትረሳ ከጎረቤት ታስቀዳለች፤ በአንዱ ብሎክ ያለው እርሾ ሁሉ ዘሩ ቢቆጠር ሳይዛመድ አይቀርም። ይህ ቢጫ ውኃ ሕያው ነገር ነው። የውጭ አገር ሰው ስቱዋርት ከአገራችን ሰው ከአስናቀ ጌታቸው ጋር ሆነው የእንጀራን ጠባይ መርምረው ጽሑፍ ያወጡት በ1962 ነው። ከዚያ በ1985 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ብርሃኑ ጋሼ የጤፍ ሊጥ ሲቦካ ማን ማንን እየተካ እንደሚሄድ ደረጃ በደረጃ አሳየ። ነገሩ እንደ ለቅሶ ቤት ተረኛ ነው። መጀመሪያ አንዱ ወገን ባክቴሪያ ይነሣና ሊጡን ጥቂት ያኮመጥጠዋል፤ ራሱ ባመጣው ኮምጣጣነት ራሱ መቆም ያቅተዋል። በቦታው ላክቲክ አሲድ የሚሠሩት ይገባሉ፤ ከነሱም መካከል አሲድ አብዝቶ የሚችለው የማይችለውን እያስለቀቀ ይሄዳል። እናቶቻችን «ሊጡ ደረሰ» የሚሉት ይህ ሁሉ ርክክብ ካለቀ በኋላ ነው።

ይህን ዓይነት ምርመራ የሕይወት ሙያው ያደረገ ሰው ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ ነው። (አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር፤ ግን ጽሑፎቹን ብዙ ዘመን ሳነብ ስለ ኖርኩ እንደ ቤተ ዘመድ ሆኖብኛል፤ ይቅርታ።) በጀርመን አገር ከቡሰ ጋር የሠራው በቴምፔ ላይ ነው። ቴምፔ የኢንዶኔዥያ ሰዎች አኩሪ አተርን በሻጋታ አብላልተው የሚበሉት ምግብ ነው። የሱ ጥያቄ አሲድ ሠሪው ባክቴሪያ በዚያ ምግብ ውስጥ የበሽታ ጀርሞችን ይገታልን? የሚል ነበር፤ እንደሚገታም አየ። ጥያቄውን ይዞ ወደ አዋሳ የእርሻ ኮሌጅ ገባ፤ ኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ሠራ። እስቲ አስቡት፤ በዚያን ጊዜ ስንቱ ሊቅ የፈረንጅ አይብና የፈረንጅ ቢራ ሲመረምር፣ እሱ የገበያ አይብ፣ እርጎ፣ ቦርዴ፣ ሻሜታ፣ ስልጆ፣ ዳጣ፣ አዋዜ፣ ጠጅ እየገዛ ላቦራቶሪ ይገባ ነበር። የአይብ ጽሑፉ በ1990፣ የቦርዴና የሻሜታው በ1995፣ የዳጣና የአዋዜው በ2001፣ የጠጁ ተሐዋስያን በ2006 ወጡ፤ አብዛኞቹን ከተማሪዎቹና ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ነው የጻፋቸው። በዚያው በ2006 ስለ አገራችን የቦኩና የተብላሉ ምግቦችና መጠጦች እስከዚያ የተደረገውን ምርምር በአንድ ጽሑፍ ሰብስቦ አስቀመጠ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን በ1994 የወጣው የእርጎ ሥራው ነው። ሊስቴሪያ የሚባል ጀርም አለ፤ ባልፈላ ወተት ውስጥ ይገኛል፣ ነፍሰ ጡርን ያስወርዳል። ሞገሴ ይህን ጀርም ሆን ብሎ ወተት ውስጥ ጨመረና ወተቱ ወደ እርጎ ሲለወጥ በየሰዓቱ እየቀዳ ቆጠረ። ይህ ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። በየተራው ናሙናውን ታቀጥናለህ፣ ሳህን ላይ ትዘረጋለህ፣ ሙቀት ውስጥ ታሳድራለህ፣ በማግሥቱ የበቀለውን ነጥብ አንድ በአንድ ትቆጥራለህ። እኔ የዚህ ዓይነት ሳህን ስቆጥር ስንት ሌሊት እንዳሳለፍኩ ዓይኔ ይመስክር። የተገኘው ነገር ሁለት ፊት አለው። ወተቱ ገና ሳይኮመጥጥ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓቶች ጀርሙ ይራባል። ኮምጣጣነቱ እየጠነከረ ሲሄድ ግን ይገታል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ስለዚህ «እርጎ ጀርም ይገድላል» የሚለውም «አይገድልም» የሚለውም ጎደሎ ነው፤ ጥያቄው ስንት ሰዓት ቆየ? ምን ያህል ኮመጠጠ? ነው። ገና ለጋ ሳለ የሚጠጣ እርጎ ካልፈላ ወተት ከተሠራ ያሰጋል። ለነፍሰ ጡር ልጆቻችን ይህን ንገሩልኝ። ዕቃውን በጭስ ማጠንም ለእርጎው ምን እንደሚያደርግ በ1996 ጽፏል፤ የእናቶቻችንን ሙያ «ልማድ ነው» ብሎ አላለፈውም፣ ለካው እንጂ።

ይኸው ሰው የአገር ምግብ ወዳድ ነው ብላችሁ ደግሞ እንዳትሳሳቱ። በ2001 ከድሪባ ሙለታ ጋር በመንገድ ዳር የሚሸጡ ምግቦችን መርምረው ሳልሞኔላና ሺጌላ አግኝተዋል። በ2006 ከሌሎች ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ ከሐኪም ቤቶችና ከምግብ ቤቶች የተያዙ በረሮዎች ምን ዓይነት የበሽታ ባክቴሪያ ይዘው እንደሚዞሩ አሳየ። (ይህን ካነበብኩ ወዲህ ከቤቴ በረሮ ጋር ዕርቅ የለኝም።) በገበያ አይብ ውስጥም ከጥሩዎቹ ጋር በአንዳንዱ ናሙና የማይፈለጉት ተገኝተዋል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ዘመን የቆጠረ ሰው «እርጎ ጠጡ፣ ከስኳር ትድናላችሁ» የሚል አንድ መስመር ጽፎ አላየሁም። እሱ የመረመረው በማሰሮውና በቅሉ ውስጥ የሚኖረውንና የሚሞተውን ነው። ከቅሉ ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ ስኳር በሽታ በአንድ እርምጃ የዘለልኩት እኔ ነኝ፤ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ።

መዝለሉ የት ላይ እንዳሳሳተኝ ልንገራችሁ። አንደኛ ነገር እንጀራ ይጋገራል። እርሾው የቱንም ያህል ሕያው ቢሆን የጋለ ምጣድ ላይ ፈስሶ አክንባሎ ሲደፋበት እነዚያ ባክቴሪያዎች ያልቃሉ። ስለዚህ ከእንጀራ የምናገኘው ሕያው ተሐዋሲ አይደለም፤ እነሱ ሠርተውት የሄዱትን አሲድና የጤፉን አሰር ነው። አሰሩ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ከነገለባው ይፈጫል፣ እኛ የማንፈጨውን ያን አሰር አንጀት ውስጥ ያሉት ተሐዋስያን ይመገቡታል። ከሱቅ የሚገዛው ሩዝ የበዛበት ነጭ እንጀራ በዚህ በኩል ብዙ ይጎድለዋል፤ ነጭነቱ ግን ያታልላል። ይሁንና ጤፍም ቢሆን ስታርች ነው፣ ሆድ ሲገባ ስኳር ይሆናል፤ የስኳር በሽተኛ እንጀራውን መጥኖ ነው የሚበላ። እርጎው ግን አይጋገርምና ሕያዋኑን ይዞ ሆድ ይገባል። ከነሱ ብዙዎቹ በጨጓራ አሲድ ይሞታሉ፤ የተረፉትም አብዛኛውን ጊዜ መንገደኞች ናቸው እንጂ ቤት ሠርተው አይቀመጡም።

ነባር ነዋሪዎቹስ? በአንድ ሰው ገላ ላይና ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን የሚሆኑ ባክቴሪያዎች እንዳሉ በ2016 ተሰልቷል፤ ከራሳችን የሕዋስ ቁጥር ጋር ይቀራረባል። አብዛኞቹ ትልቁ አንጀት ውስጥ ናቸው። ይህን ማኅበር ነው ዛሬ ማይክሮባዮም የሚሉት። ስለ እርጎና ዕድሜ መጀመሪያ ብዙ ያወራው በቀድሞው የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ተወልዶ ፓሪስ የሠራው ሜችኒኮፍ ነው። በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ታላቅ ሊቅ ነበር፤ ሽልማቱ ግን በእርጎ ሳይሆን በሌላ ሥራው ነው። የኮመጠጠ ወተት እርጅናን ያዘገያል ብሎ ራሱም ይጠጣ ነበር፤ በ1916 በ71 ዓመቱ አረፈ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እርጎ ሳያምራቸው ከሱ የበለጡ ስንት አሉ!

በኛ ዘመን ነገሩን በሙከራ የያዘው አሜሪካዊው ጄፍሪ ጎርደን ነው። ምንም ጀርም እንዳይነካቸው ተደርገው ያደጉ አይጦች ነበሩት። በ2006 ባልደረቦቹ ለነዚህ አይጦች ከወፍራም አይጦች የተወሰደ የአንጀት ተሐዋሲ ሲሰጧቸው፣ ከቀጭኖች ከወሰዱት ይልቅ ስብ አከማቹ። በ2021 ደግሞ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 36 ጎልማሶችን በሁለት ከፍለው፣ አንዱን ወገን አሰር የበዛበት፣ ሌላውን እርጎና የኮመጠጠ አትክልት የመሰለ ምግብ ለ10 ሳምንት አበሏቸው። እርጎ የበሉት ወገኖች የአንጀት ተሐዋስያናቸው ዓይነት በዛ፤ በደማቸው ውስጥ የብግነት ምልክት የሆኑ 19 ፕሮቲኖች ቀነሱ። ደስ የሚል ነው። እኔም ያን ማታ ያወራሁት ይህን ነበር። ያልነገርኳችሁ ግን 36ቱ ሰዎች ሁሉ ጤነኞች መሆናቸውን ነው። የስኳር በሽተኛ አልነበረባቸውም፣ ኪኒን ያቆመም የለም።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። ጎረቤታችን መሳቢያ ውስጥ የቆለፉት ኪኒን ሜትፎርሚን ነው፤ እዚህ ካለን የስኳር ሕመምተኞች ብዙዎቻችን እንውጠዋለን። በ2017 በስዊድንና በስፔን ያሉ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አወጡ። መድኃኒት ገና ያልጀመሩ የስኳር ሕመምተኞች ሜትፎርሚን ሲወስዱ የአንጀታቸው ተሐዋስያን ተለወጡ። ከነዚያ ሰዎች የተወሰደውን ጀርም ለሌለባቸው አይጦች ሲሰጡ የአይጦቹ አካል ስኳርን በተሻለ መንገድ ያዘ። እንግዲህ ኪኒኑ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ እነዚያው ተሐዋስያን ናቸው ማለት ነው። ጎረቤታችን የአንጀት ተሐዋስያናቸውን ሊረዱ ብለው፣ እነሱን ይረዳ የነበረውን ኪኒን ተዉት! ይህን ባነበብኩ ጊዜ መጽሔቱን ዘግቼ ወጥቼ በብሎኩ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞርኩ።

ጎረቤታችን እርጎአቸውን አልተዉም፤ አልከለከልኳቸውምም፣ የፈላ ወተት ይሁን እንጂ። ኪኒናቸውን ግን በየቀኑ ይውጣሉ፤ ማታ ማታ እግራቸውን ባለቤታቸው በመብራት ያዩላቸዋል። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ስለሚደነዝዝ ቁስሉን ራሱ አይሰማውምና እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ኪኒኑ ሆድ ቢያውክባችሁ፣ አዎ ያውካል፣ ለሐኪሙ ንገሩት፤ መጠኑን ያስተካክልላችኋል። በገዛ እጃችሁ አታቁሙት፤ እኔም ብሆን ድንኳን ውስጥ ቁሙ ብላችሁ አትስሙኝ።

በዚሁ ንግግሬን አበቃለሁ። ከአባሎቻችን አንዷ ነርስ ናትና ከሷ ጋር የስኳር መለኪያና የደም ግፊት መለኪያ ይዘን መጥተናል፤ ከስብሰባው በኋላ ከወንበሮቹ መደርደሪያ ጎን ባለው ጠረጴዛ እንቀመጣለን። ቁርስ የበላችሁም መምጣት ትችላላችሁ፤ መብላታችሁን ብቻ አስቀድማችሁ ንገሩን፣ ቁጥሩን የምናነበው በዚያ ነው።